ሃያ አራት ቃል፣ ድምፅ ሳይወጣ

ገለታ ቃሎቹን ፎቶ አነሳቸው። ሃያ አራቱንም። ያውም አሳምሮ፣ መብራት አብርቶ።

ክፋት አልነበረበትም። የሚያናድደውም እሱ ነው። ክፋት ቢኖርበት ኢፍቱ ጮኻ፣ ሰድባ ይወጣላት ነበር። ገለታ ግን የሚልካ ታላቅ ወንድም ነው። ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጋ ሞባይል ቤት አለው። እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ከሣጥኑ የሚወጣው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። መስታወት ይለጥፋል፣ ኢሜይል ይከፍታል፣ የይለፍ ቃል ያወጣል፣ ያወጣውን ሣጥኑ ጀርባ ላይ በማርከር ይጽፋል። እናቶች ደግሞ ሣጥኑን ስለሚጥሉት ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥላቸዋል። "ከጠፋብዎት እኔ ጋ አለ፣ አያስቡ" ይላል። መርቀውት ይወጣሉ።

ስለዚህ ሚልካ ዕቃዋን ይዛ እሱ ጋ ሄደች። ሌላ የት ትሂድ?

ዕቃዋ ፍላሽ የምታክል ናት። ትንሽ መስኮትና ሁለት ቁልፍ አላት። ሥራዋ አንድ ነው፤ ዲጂታል ገንዘብ የሚንቀሳቀስበትን ምስጢር ከኢንተርኔት አርቃ ትይዛለች። ስልክሽ ቢሰረቅ፣ ኮምፒውተርሽ ቫይረስ ቢገባው፣ እሷን ካልተጫንሽ ገንዘቡ ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ስትከፈት ሃያ አራት የእንግሊዝኛ ቃል ተራ በተራ ታሳያለች። እነሱን ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ዕቃዋ ብትጠፋ፣ ቃሎቹ ካሉሽ ሌላ ገዝተሽ ገንዘብሽን ታስመልሻለሽ።

ችግሩ፣ ቃሎቹ ያሉት ሰው ሁሉ እንደዛ ማድረግ ይችላል። ዕቃዋን መንካት እንኳ አያስፈልገውም።

ገንዘቡ የሦስት ሴቶች ነው። ኢፍቱ፣ ሚልካና ኡመይማ ድምፃቸውን ነው የሚሸጡት። ውጭ አገር ያለ ኩባንያ ማሽን ማናገር ሊያስተምር ዓረፍተ ነገር ይልክላቸዋል፣ እነሱ ያነቡለታል። ሚልካ በአማርኛ፣ ኢፍቱ በኦሮምኛ፣ ኡመይማ በስልጢኛ። የሚከፍላቸው በዲጂታል ዶላር ነው። የሚሠሩባት ክፍል ከጎሚስታ ቤት ጀርባ ናት። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለዋል፣ ጣሪያው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈዋል። ምንም አልረዳም። ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን ሲያስነሳ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ የተነበበው ሁሉ ይበላሻል፣ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርተው ግማሹን ኩባንያው ይመልሰዋል።

አሁን ግን ቤት ተገኝቷል። ቀጨኔ፣ እትዬ የሺሀረግ ግቢ፣ ከጓሮ። ኢፍቱ ልታየው የሄደች ቀን መሀሉ ላይ ቆማ ዝም አለች። የራሷን ትንፋሽ ሰማች። እዛው "እንወስደዋለን" አለች። እትዬ የሺሀረግም "እስከ ሰኞ ነው ልጄ። ሰኞ ካልመጣችሁ ፑል ቤት የሚከፍት ልጅ ቅድሚያ ክፍያውን ይዞ እየጠበቀኝ ነው" አሉ።

የቤቱ ቅድሚያ ያለው ዕቃዋ ውስጥ ነው። ሌላውም ሁሉ እዛው ነው። የሠሩት በሙሉ።

ከዚያ በፊት ሚልካ ስልክ ላይ ነበር። ስልኩ ታክሲ ስትሳፈር ከእጇ ተመነተፈ። ደግነቱ የስልኩን ዋሌት፣ የዲጂታል ቦርሳውን፣ ቃሎች የጥርስ ሳሙና ካርቶን ላይ ጽፋቸው ነበር፣ አዲስ ስልክ ገዝታ አስመለሰችው። ኢፍቱ ያን ቀን "ሁለተኛ ስልክ ላይ አናስቀምጥም" አለች። የኡመይማ አጎት አማን ዱባይ ይመላለሳል፣ ዕቃዋን ከራሷ ከፋብሪካዋ ሱቅ አስገዝቶ እንደታሸገች ይዞላቸው መጣ። ኢፍቱ ቅዳሜ አብረን እንከፍታታለን ብላ ነበር።

ቅዳሜ ስትመጣ ሚልካ በር ላይ ጠበቀቻት።

"ጨረስኩት!"

"ምኑን?"

"ዕቃዋን ነዋ! ገለታ ጋ ወስጄ አስከፈትኳት። ገንዘቡንም አስገባሁት። አንቺ ደግሞ ሁሌ 'ሚልካ ቀርፋፋ' ትያለሽ።"

ኢፍቱ ሣጥኑን ተቀብላ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በማርከር "ፒን" ተብሎ አራት ቁጥር ተጽፏል። የሚልካ የልደት ዓመት። ከውስጥ ካርዱን አወጣች። ሃያ አራት ቃል በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ የሠርግ ጥሪ መስሎ።

"ይሄ የማን እጅ ነው?"

"የገለታ። አያምርም?"

"ያምራል። ፎቶ አንስቶታል?"

"አዎ፣ እንዳይጠፋብን ብሎ።"

ጥግ ላይ ቆሎ ስትበላ የነበረችው ኡመይማ ማኘኳን አቆመች። "ያ አላህ" አለች።

"ምን ሆናችሁ? ወንድሜ እኮ ነው!"

ኢፍቱ ግን ወጥታለች።

ሞባይል ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ቆሟል። ሁለቱ ካርድ ይገዛሉ፣ አንዷ ፍላሽ ይዛ መዝሙር ታስጭናለች። ገለታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆኖ ፈገግ አለ።

"ኢፍቱዬ! ጌታ ይባርክሽ፣ ዛሬ ከየት—"

"ገሌ፣ ፎቶው የት ነው?"

"የቱ ፎቶ? ሰላም አይባልም እንዴ?"

"ሰላም ነው። ፎቶው።"

"አ፣ የእናንተ? እዚህ ነው። ስልኬ ሲሞላብኝ ኮምፒውተሩ ላይ አዞረዋለሁ።" ስክሪኑን ወደሷ አዞረላት፣ ኩራት ብጤ አለው። "አየሽ፣ ሥርዓት አለኝ። አዳዲስ መዝሙር፣ ስብከት፣ ፊልም፣ ደንበኞች። ምነው፣ ካርዱ ጠፋባችሁ? ላትምልሽ?"

"መዝሙር ሲጫን ማን ነው የሚገለብጠው?"

"እኔ። ሥራ ሲበዛብኝ ራሳቸው። ምን ችግር አለው፣ የጌታ ቤት ሰዎች ናቸው።"

"ሁሉንም ፎልደር የሚወስድ አለ?"

"አለ እንጂ፣ ሃርድ ዲስክ ይዞ የሚመጣ አለ። 'ያለህን በሙሉ ጣልልኝ' ይላል። ትናንትና እንኳ አንዱ..." ገለታ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ፍላሽ የያዘችው ልጅ አንዴ እሱን አንዴ ኢፍቱን አየች።

"አንዱ ምን?" አለች ኢፍቱ።

"ሙሉውን ጣልኩለት" አለ ገለታ፣ ድምፁ ወርዶ። ከዛ ደሙ ፈላ። "ቆይ፣ ሌባ ነህ ልትዪኝ ነው? ሰው ፊት?"

"ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሌባ ለብቻው ነው የሚይዘው።"

ገለታ ፊቱ ተለዋወጠ። ፎቶውን አጠፋው፣ ቅርጫቱንም ባዶ አደረገው፣ እያየችው።

"አጠፋሁት። በቃ?"

"ከዚህ ጠፋ" አለች ኢፍቱ። "ከሰውየው ጋ ግን አለ።"

ሽቅብ ስትመለስ ታክሲ አልጠበቀችም። ኢፍቱ ድሮም መጠበቅ አትችልም፤ ዛሬ ደግሞ የምትጠብቀው ቢኖር ያ ባለ ሃርድ ዲስክ መዝሙሩን ሰልችቶት ሌላውን ፎልደር እስኪከፍት ብቻ ነው።

ሚልካ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። "የኔ ጥፋት ነው" አለች።

"በኋላ ታለቅሻለሽ። ገንዘቡ አለ?"

"አለ። አሁን አየሁት።"

"ወደ ስልክሽ መልሺው። አሁን።"

"ስልክ ላይ አናስቀምጥም አላልሽም?"

"ሚልካ!"

ዕቃዋን ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። ሚልካ መላክ ልትጫን ስትል ኡመይማ እጇን ያዘቻት። ኡመይማ የሱቅ ልጅ ናት፣ አባቷ ጉለሌ ገበያ ውስጥ ሸቀጥ ይሸጣል።

"ሁሉንም አታውጪ። ትንሽ ተይ።"

"ለምን?"

"አባቴ ሱቅ ውስጥ አይጥ ሲጠረጥር ቁራሽ ዳቦ ጥሎ ይዘጋል። ጠዋት ዳቦው ካለ አይጥ የለም። ከሌለ አለ። ወላሂ እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

ኢፍቱ አየቻት። "ስንት ይተው?"

"የምሳ።"

የምሳ ተዉ። የቀረው ሚልካ ስልክ ላይ ገባ። ግን ይሄ ማረፊያ ነው እንጂ ቤት አይደለም። ስልክ እኮ ነው፣ አንዴ የተመነተፈ።

ቀጥሎ ዕቃዋን ማጥፋት ነው። ኢፍቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ "ሁሉንም አጥፋ" የሚለውን ተጫነች። ፒኑም፣ የገለታ ቃሎችም ከዕቃዋ ሄዱ፤ እንደ አዲስ ሆነች። አዲስ ፒን መረጡ። ሚልካ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

"እኔን አትንገሩኝ! ለገለታ እነግረዋለሁ።"

ባታስቅም ሳቁ።

ከዛ ዕቃዋ አዲሶቹን ቃሎች ማሳየት ጀመረች። ኢፍቱ በራሷ እጅ ጻፈቻቸው። እየቸኮለች፣ የሷ ጽሑፍ መቼም የዶሮ ጭረት ነው። ስትጨርስ ወረቀቱን ለሚልካ ሰጠቻት።

"አንብቢልኝ። እኔ ከዕቃዋ ላይ አመሳክራለሁ።"

ሚልካ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከጥፋቷ በኋላ ልትክስ ፈልጋለች፣ ያስታውቃል። ቀጥ ብላ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች፣ እያሳመረች፣ ቁጥሩን እየጠራች አነበበችው። ዕድል ሆኖ ኮምፕሬሰሩ እንኳ ዝም ብሎ ነበር። ኢፍቱ በየቃሉ ራሷን ትነቀንቃለች። ሃያ አራተኛው ላይ ደረሱ። ሁሉም ልክ ነው።

"አበቃ!" አለች ሚልካ፣ ጃኬቷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

ከጃኬቱ ሥር ማይኩ ነበር። ቀይዋ መብራት በርታለች።

የመቅጃው ፕሮግራም ድምፅ ሲሰማ በራሱ ይነሳል። የቀዳውን በራሱ ይልካል። ለሥራ እንዲቀላቸው ኢፍቱ ራሷ ነች እንደዛ ያስተካከለችው። ሦስቱም ኮምፒውተሩን አዩ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ብቅ አለ፤ የድምፅ ጥራት ብቻ የሚመዝነው ማሽን ንባቡን ተቀብሎታል።



"ያንን ሁሉ ወር" አለች ኡመይማ፣ "አንድ ቀን እንኳ በአንዴ ተቀብለውን አያውቁም።"

ሚልካ ወደ ኢፍቱ ዞረች። "አንብቢ አልሽኝ..."

"እኔ ነኝ ያልኩሽ" አለች ኢፍቱ። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ገለታ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ፊት ያለችው ትዝ አላት፤ ጆሮዋ ጋለ። እሱ ለአንድ ባለ ሃርድ ዲስክ ሰጠ። እሷ ባሕር አሻግራ፣ በባለሙያ ድምፅ ላከች። ገለታ ቢያንስ ባለማወቅ ነው። እሷ አውቃለሁ ብላ ነው።

ግን ኢፍቱ ናት፣ ተክዛ የምትውል አይደለችም። ተነሳች።

"ገንዘቡ ገና አልገባባትም። ምንም አልሆነም። እንደገና እናጠፋታለን።"

"እንደገና?" አለች ሚልካ።

"አሥር ጊዜም ቢሆን። ቃል አይገዛም፣ ዕቃዋ አዲስ ትሰጠናለች። አሁን ግን ስሙኝ። ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ማይኩ ይነቀላል። ስልክ በሙሉ ከዚህ ክፍል ይወጣል። ከዛ በኋላ እስክጨርስ አንዲት ቃል የሚተነፍስ ሰው እንዳልሰማ።"

"ብታስነጥሰኝስ?"

"ዋጪው።"

ስልኮቹን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ከተቱ፣ በፎጣ ሸፈኑ፣ ሳፋውን ኡመይማ ደጅ አውጥታ ለጎሚስታው አደራ አለችው። ጎሚስታው ሳፋውን አየና "ሊጥ ነው?" አለ። "አዎ፣ እንዳትከፍተው፣ ይወርዳል" አለችው። ገብታ በሩን ቀረቀረች። ዕቃዋን ከኮምፒውተሩ ነቅለው ግድግዳው ሶኬት ላይ በቻርጀር ሰኳትና እንደገና አጠፏት።

እንግዲህ እነዚህ ሦስት ሴቶች በድምፃቸው እንጀራ የሚበሉ ናቸው። ጠዋት ከተገናኙ ማታ እስኪለያዩ አፋቸው አይዘጋም፤ ሲያነቡ ያነባሉ፣ ሳያነቡ ይነታረካሉ። ያን ቀን ከሰዓት ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ኢፍቱ ትጽፋለች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ። ኡመይማ ከትከሻዋ በላይ ታያለች፤ ፊደል ካላማራት በጣቷ ትጠቁማለች፣ ኢፍቱ ሰርዛ ትጽፈዋለች። ሚልካ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣ አፏን በሻርፕ ጠምጥማ፣ ለራሷ ፈርዳ። መሀል ላይ ጎሚስታው "ኧረ ሊጣችሁ እየጮኸ ነው!" ብሎ ተጣራ። ስልክ ጠርቶ ነው። ኡመይማ ሳቁ ሊፈነቅላት ሲል ፊቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረች። ኢፍቱ ቀና ሳትል ጽፋ ጨረሰች።

ሌላ ወረቀት ላይ ደገመችው። ሁለት ቅጂ። ሁለቱንም ኡመይማ ቃል በቃል፣ በዓይኗ ብቻ፣ ከዕቃዋ ጋር አመሳከረች። ከዛ አውራ ጣቷን ቀሰረች።

በሩ ተከፈተ። ሦስቱም ባንዴ መናገር ጀመሩ።

"አሁን እናስገባ!" አለች ሚልካ።

"ገና" አለች ኢፍቱ።

"ምን ቀረ ደግሞ?"

"ትንሽ ብቻ አስገቢ። የምሳ። ከዛ አጠፋታለሁ።"

ሚልካ ሻርፗን ፈታችው። "ኢፍቱ፣ አሁን አበድሽ። ገንዘብ ያለባትን?"

"በወረቀቱ መመለሱን ሳላይ አላምንም። ወረቀቱ ስህተት ካለው አሁን የምሳችንን ልጣ። በኋላ ቤታችንን ከምናጣ።"

ትንሿ ገንዘብ ገባች። ኮምፒውተሩ ተዘጋ፣ ስልኮቹ ወደ ሳፋቸው ተመለሱ፣ እንደገና ዝምታ። ኢፍቱ "ሁሉንም አጥፋ" አለች። መስኮቷ ጨለመ። ስትበራ እንደ አራስ ምንም የማታውቅ ሆናለች። አሁን ሃያ አራቱን ቃል ከወረቀቱ መመለስ ነው። ሁለት ቁልፍ ብቻ ስላላት ፊደል በፊደል፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ። ትዕግሥት የሚፈታተን ነገር ነው። ኢፍቱ ደግሞ ትዕግሥት የላትም። ጣቷ ይሮጣል። የመጨረሻውን ቃል አስገብታ ተጫነች።

ቃሎቹ ትክክል አይደሉም፣ አለች ዕቃዋ።

የሚልካ ዓይን ፈጠጠ፣ ግን አፏን አልከፈተችም። ኢፍቱ ወረቀቱን አየች። ዕቃዋን አየች። ኡመይማ ዝም ብላ እጇን ዘረጋች፤ ዕቃዋን ከኢፍቱ እጅ ወሰደች፣ ወንበሩን ሳበች፣ እንደ አባቷ ሚዛን ላይ ስኳር እንደሚያወርደው ቀስ፣ ቀስ እያለች ከመጀመሪያው ጀመረች። እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እያየች። ኢፍቱ ጥፍሯን በላች። ጣሪያው ላይ ያሉትን የካርቶን ጉድጓዶች ቆጠረች። ኮምፕሬሰሩ ተነሳ፣ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። ኡመይማ ቀና አላለችም።

የመጨረሻዋን ተጫነች።

ዕቃዋ ተቀበለች።

ኮምፒውተሩን ከፍተው ሰኳት። ተያይዘው ጠበቁ። ስክሪኑ ላይ ትንሿ ገንዘብ እዛው፣ በቦታዋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብላለች። ጠፍታ፣ ሞታ፣ በወረቀት ተመልሳ።

ኡመይማ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎሚስታው ጎማ ጥሎ እየሮጠ መጣ። "ምንድን ነው? ወለደች እንዴ?" አለ።

"ወለደች!" አለች ሚልካ፣ እንባዋ እየወረደ። "ሃሌሉያ! ሊጡን አምጣልን!"

የተሳሳተው ወረቀቱ አልነበረም። የኢፍቱ ጣት ነው፣ አንዱን ቃል በሌላ ቀይሯል። ማንም አልነገራት፣ ራሷ ነች "ችኮላዬ ነው" ያለችው። ኡመይማ "ሰማሽ ሚልካ? ቀን ይጻፍልኝ፣ ኢፍቱ አጠፋሁ አለች" ብላ ተሳለቀችባት።

አሁን ሁሉም ይገባል። ገንዘቡ የሚላክበት አድራሻ ቢሰማ ግድ የለም፤ አድራሻ እንደ ቤት ቁጥር ነው፣ ሰው ቢያውቀው ገንዘብ ከመላክ በቀር ምንም አያደርግሽም። ግን ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ተንኮል አድራሻውን ቀይሮ ሊያሳይሽ ይችላል። ስለዚህ ማመን የዕቃዋን መስኮት ነው። ኢፍቱ ማይኩን እንደተነቀለ ይዛ ቆመች።

"ሚልካ፣ ከዕቃዋ ላይ አንብቢ። አሁን እንደፈለግሽ ጩኺ።"

ሚልካ አነበበች። ፊደሉን በፊደል፣ ቁጥሩን በቁጥር፣ ያን ደወል የመሰለ ድምፅዋን ለቃ። ኡመይማ ስልኩ ላይ ካለው ጋር ታስተያያለች። "ትክክል። ትክክል። ድገሚልኝ። ትክክል።" ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መሀሉንም ሳይዘሉ። ኢፍቱ "ላኪው" አለች።

ገባ። የሦስት ሴት ድምፅ፣ በኮምፕሬሰር መሀል የተለቀመ፣ ማንም ፎቶ ያላነሳው ቦታ ገባ።

ወረቀቶቹ ተለያዩ። አንዱ ኢፍቱ ጋ፣ አንዱ የኡመይማ እናት ቁልፏን ከአንገቷ የማታወልቀው ሣጥን ውስጥ። እናትየው ምን እንደሆነ አልጠየቁም። "ይነበባል?" ብቻ አሉ። "አይነበብም እማ" አለቻቸው ኡመይማ። የገለታን ካርድ ኢፍቱ ቀደድ፣ ቀደድ፣ ቀደድ አደረገችው። ጽሑፉ ግን ያምር ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ የሺሀረግ ወደ ብር የተመነዘረውን ቅድሚያ ክፍያ ተቀበሉ። "ፑል ቤቱ ይቅርብኝ፣ እናንተ ምን ትሠራላችሁ ልጆቼ?" አሉ።

"እናነባለን እትዬ።"

"ማንበብ ደግ ነው። አይጮኽም።"

ብርድ ልብሶቹን ጭኖ የመጣው ገለታ ነው። አኩርፎ ነበር፣ ግን መጣ። ኢፍቱ ጠረጴዛውን በአንድ ጎን ይዛ "ገሌ፣ እኔም አጥፍቻለሁ" አለችው፣ የማይኩን ነገር ነገረችው። ገለታ ጠረጴዛውን መሬት አስቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። "አረንጓዴ ሰጡሽ?" አለ። "አረንጓዴ!" "እኔ እንኳ ፎቶዬ አረንጓዴ አላገኘም።" ታረቁ።

አዲሱ ክፍል ዝም ያለ ነው። ሚልካ ማይኩን ሰካች፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበበች፣ አረንጓዴ። ሁለተኛውን፣ አረንጓዴ። ሦስተኛውን፣ አረንጓዴ። እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?

ከሰዓት ላይ የኡመይማ ስልክ ጮኸ። የድሮውን አድራሻ እንዲጠብቅላት አድርጋው ነበር፣ ዳቦው የተጣለበትን። አየችው። ለኢፍቱ አሳየቻት።

ባዶ ነው። አንድ ሰው በገለታ ቃሎች ገብቶ የምሳዋን ወስዷል።

"በላ!" አለች ኡመይማ። ጮቤ ረገጠች። "አይጡ በላ! ያን ሁሉ አስቦ፣ ያን ሁሉ ለፍቶ፣ ወላሂ ፍርፍር እንኳ አይገዛለትም!"

"ምሳ ጋበዝነው!" አለች ሚልካ። እጅ ለእጅ ተማትተው ዘለሉ። ኢፍቱም ዘለለች፣ ከልቧ፣ አንዴ።

ከዛ ቆመች። ፎልደሩ ትዝ አላት። "ደንበኞች" የሚለው። እዛ ውስጥ ያለው የነሱ ብቻ አልነበረም። የሰፈር እናቶች ኢሜይል፣ የባንክ መተግበሪያ ፒን፣ ሁሉም በገለታ ቆንጆ ጽሑፍ፣ ሣጥን ጀርባ ላይ።

ገለታ ጋ ደወለች። "ገሌ፣ ወስዶታል። ከፍቶ እያየ ነው። ሁሉንም ደንበኞችህን ደውልላቸው፣ ይቀይሩ።"

"ኢፍቱዬ፣ ግማሽ ዊንጌት እኮ ነው" አለ ገለታ።

ኢፍቱ ጃኬቷን አነሳች። ቁልቁል ወረደች። ሞባይል ቤቱ ገባች፣ በርጩማ ስባ ከገለታ ጎን ተቀመጠች፣ የመጀመሪያዋን ደወለች።

"ሄሎ፣ እትዬ ደሳለች? ኢፍቱ ነኝ። ደህና ነዎት? አይ፣ ምንም አልሆነም፣ ደርሰንበታል። ፒንዎን ሊቀይሩ ነው። ለኔ አይንገሩኝ። ለገለታም አይንገሩት። ድምፅ ሳያወጡ ብቻ ይጻፉት።"